ስንቄን የምትበላው

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ የማምን ሰው አልነበርኩም፣ እመኑኝ፣ ሰው ስለ ጥላ ወጊ ስለ ምናምን ማውራት ሲጀምር «ሥራ ፈት ሁላ!» ብዬ ተነስቼ የምሄድ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ዌርሃውስ ውስጥ ፎርክሊፍት ስነዳ የምውል ሴት ለጂኒ ወሬ ምን ጊዜ አላት? ነገሩ በጨለማ ሆኖ ቢሆን ደግሞ ፈርቼ ነው እል ነበር፣ ግን የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው፣ ኢስትሙር የሚባል የኮሎምበስ ሰፈር ውስጥ፣ ጎረቤቱ ሳር እያጨደ።

ጋሼ ወርቁ ድሮ ምጽዋ የባሕር ኃይል ሰው ነበሩ፣ በሱዳን በኩል ወጥተው ኮሎምበስ ከገቡ ዘመን ሆኗቸዋል፣ ቤት ሠርተዋል፣ ልጅ ድረዋል፣ ባሕሩ ግን ከሆዳቸው አልወጣም። አንዲት አሮጌ የሸራ ጀልባ ገዙና ከቤታቸው ፊት ድራይቭዌያቸው ላይ ከነመጎተቻ ትሬለሯ ገተሯት፣ ሐይቅ በሌለበት ከተማ! ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ «የኖኅ መርከብ መቼ ነው የምትነሳው?» እያልን እንስቅባቸው ነበር። አንድ እሁድ ግን ወስደው አሳዩኝ፣ ውስጧ ገብቼ ትንሿ አልጋ ላይ ተቀመጥኩ፣ አለቀ፣ በቃ እኔም አበድኩ።

ሦስት በጋ ሙሉ ሠራናት፣ እሳቸው፣ አማቻቸው ዳንኤልና እኔ። ሆዷን ፍቀን ቀባን፣ ሸራዋን ሰፋን፣ ገመዱን ሁሉ ለወጥን። ሐሳቡ በዳንኤል ፒክአፕ ጎትተን ኤሪ ሐይቅ ልናወርዳት፣ ከዚያ በመርከብ መሄጃ ቦዩ ኒው ዮርክ፣ ከዚያ ወደ ደቡብ ደሴቶቹ፣ አንድ ዓመት ያህል። የእኔ ድርሻ ስንቅ ነበር። ዳንኤል «ፓስታ አይበቃንም?» ሲል «አንተ በማዕበል ፓስታ ስትቀቅል ልይህ!» አልኩትና በሶውን፣ ድርቆሹን፣ ቋንጣውን፣ ዳቦ ቆሎውን በእጄ አዘጋጅቼ እርጥበት እንዳይገባው አሽጌ አሽጌ አስቀመጥኩ። የአፓርትመንቴን ሊዝ ካንስል አደረግኩ፣ ሥራዬን ኩዊት አደረግኩ። ከዚያች ጀልባ ሌላ መሄጃ አልነበረኝም፣ ይሄን ልብ በሉልኝ።

አንድ ነገር ብቻ ከጋሼ ወርቁ ጋር ያጣላኝ ነበር። ባሕር ላይ አንዱ መሪውን ይዞ ሌሎቹ ውስጥ ይተኛሉ፣ ተራሽ ሲደርስ ከላይ ስምሽ ይጠራል። እናቴ ደግሞ «የማታዪው ሰው ሲጠራሽ ሦስት ጊዜ ሳይጠራሽ አቤት እንዳትዪ፣ ሰው ላይሆን ይችላል» እያለች ነው ያሳደገችኝ፣ ባላምንበትም አፌ ለምዶታል፣ ዝም እላለሁ። ጋሼ ወርቁ ይንጨረጨራሉ፣ «ሦስተኛውን እስክትጠብቂ ሰው ይሰጥማል እኮ፣ አንቺ ልጅ!» ድራይቭዌዩ ላይ እንዳለን እየጠሩኝ፣ እየጠሩኝ፣ በስተመጨረሻ ገና «ሰናይት!» ሲሉ «አቤት!» የምል ሆንኩ።

የመነሻችን ዋዜማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ውስጥ ብቻዬን ስንቁን እየደረደርኩ ነበር። ከአናቴ በላይ እርምጃ ሰማሁ፣ ቀስ ያለ፣ የባዶ እግር፣ ከዚያ ጀልባዋ ትንሽ ዘንበል አለችና ኩባያዎቹ ተንጫጩ፣ ልክ ሰው ሲወጣባት እንደምትሆነው።

«ሰናይት!»

«አቤት!»

የጋሼ ወርቁ ድምፅ ነው፣ እምላለሁ። ብቅ ስል ማንም የለም። መኪናቸውም የለችም፣ ለካ ገመድ ሊገዙ ሄደዋል። ሚስታቸው እትዬ አበባ ጓሮ ልብስ እያሰጡ ነበርና እየሳቅኩ ነገርኳቸው።

«ስንቴ ጠራሽ?» አሉ።

«አንዴ።»

«በአንዴው አቤት አልሽ?» አሉና አማተቡ። እኔም አሮጊት ናቸው ብዬ ተውኩት።

ቀጠሯችን እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ሻንጣዬን ይዤ ስደርስ ድራይቭዌዩ ባዶ ነው። ጀልባዋ የለችም፣ ትሬለሩ የለም፣ ከሥር ደግፈናት የነበሩት ጣውላዎች ብቻ ቀርተዋል። ደሜ ፈላ። ሦስት በጋ አልፍተውኝ፣ ስንቄን ይዘው ጥለውኝ ሄዱ! ጣውላውን በእርግጫ አልኩት፣ አለቀስኩም፣ ምን እደብቃችኋለሁ። በሩ ተከፈተና እትዬ አበባ ብቅ አሉ፣ ሲያዩኝ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«አንቺ... ከየት መጣሽ?»

«እንዴት ከየት መጣሽ ይሉኛል? የት ሄዱ? ለምን ጥለውኝ ሄዱ?»

«ሰናይት፣ በጠዋት አብረሻቸው ሄደሽ የለም እንዴ? ከቅዳሴ በፊት እንውጣ ብለሽ በር ያንኳኳሽው አንቺ፣ ስመሽኝ መኪና ውስጥ የገባሽው አንቺ!»

ተሰብስበው የመከሩብኝ መሰለኝ። ለጋሼ ወርቁ ኮል አደረግኩ። ከጀርባቸው ነፋስና የውሃ ወፍ ይሰማል።

«ሰናይት ነኝ! እንዴት እንዲህ ያደርጉኛል?»

«አንቺ ማነሽ? ስልኳን ጥላ ነው እንዴ የመጣችው?» አሉና ሳቁ፣ ከዚያ ስልኩን ሳይዘጉ ተጣሩ፣ «ሰናይት!»

«አቤት!»

በአንዴው። ድምፁ የእኔ ነው፣ እኔ ግን ኢስትሙር አፌን ከፍቼ ቆሜያለሁ። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ፣ ደግሜ ብደውል ብደውል አላነሱም። መኪናዬን አስነስቼ ኤሪ ሐይቅ ወደቡ ድረስ በረርኩ፣ ገመዳቸውን ፈትተው ሄደዋል።

አሁን እትዬ አበባ ቤት ነኝ፣ ሌላ የት እሄዳለሁ? በቀደም ጋሼ ወርቁ ደወሉ፣ እትዬ አበባ ስፒከር ላይ አደረጉትና እዚያ ያለችው እንዳትሰማኝ ፈርተው በዓይናቸው ዝም በይ አሉኝ። «ሰናይት እንዴት ናት?» ብለው ባላቸውን ጠየቁ።

«አይ ሰናይት! ያ መነጫነጯ ሁሉ ቀርቶላታል፣ ባሕሩ ለወጣት። ስጠራት ደግሜ አላውቅም። በሶውንም ድርቆሹንም እሷው ናት የምትጨርሰው፣ ዳንኤል እንኳ ከድሮዋ የአሁኗ ትሻላለች ይላል።»

እኔ ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ እየሰማሁ ነው። ይሄን ምን ትሉታላችሁ? ሌላ ሰው ይዘው ሄደው እኔን እያሳበዱኝ ነው እንዳልል የሰማሁትን ሰምቻለሁ፣ ተንኮል ቢሆን ደግሞ እግዜር ያውቃል ደስ ይለኝ ነበር፣ ተንኮል እችላለሁ፣ ተሳድቤ እረሳዋለሁ። እኔን የሚያንገበግበኝ ሦስት በጋ አብሬያቸው ኖሬ እሷ እኔ አለመሆኗን አለማወቃቸው ነው። ጭራሽ ተሻለን አሉ!

እትዬ አበባ ጥሩ ሴት ናቸው፣ ውጪ አላሉኝም። ራት ሲደርስ ከኩሽና ይጠሩኛል፣ አንዴ፣ ዝም እላለሁ፣ ሁለቴ፣ ዝም እላለሁ፣ በሦስተኛው አቤት እላለሁ። እንዲያም ሆኖ ደጃፉ ላይ ቆመው ፊቴን በደንብ ሳያዩ ሳህኑን አያቀብሉኝም።