ጀርባውን የሰጠው ማሞቂያ

አልጋው ከስሏል። መጋረጃው የለም። ግድግዳው እስከ ኮርኒሱ ጠቁሯል። በዚያ ክፍል ውስጥ እሳት ያልነካው ነገር ቢኖር የትልቁ ልጅ ምላስ ብቻ ነበር።

«ብያለሁ! እኔ ብያለሁ!» ይላል አመዱ ላይ እየተንጎራደደ። «ይህች ሴት ብቻዋን መተኛት የለባትም ስል ማን ሰማኝ? ሻማ ለኩሳ እንቅልፍ ወስዷት ነው።»

«ይህች ሴት» የሚላት የወለደችውን እናቱን ነው።

ለምርመራ የመጣችው የፖሊስ ሳጅን አፍንጫዋን በመሐረብ ጠረገች። ጉንፋን ይዟታል፤ ከጉንፋኑ በላይ ግን የሰለቻት እንዲህ ያለ ሰው ነው። ብርድ በገባ ቁጥር ቤት ይቃጠላል። በተቃጠለ ቤት ውስጥ ግን ጥፋተኛ አይገኝም። ወይ አይጥ ሽቦ በልቶ ነው፣ ወይ አሮጊቷ ረስተው ነው። አይጡም አሮጊቷም አፍ አውጥተው አይከራከሩማ!

«ሻማው የታለ?»

ትልቁ ልጅ ከኪሱ አውጥቶ እንደ ዋንጫ ከፍ አደረገው። «ኩሽና መሳቢያ ውስጥ አገኘሁት!»

ሳጅኗ ጫፉን አየችው። «ክሩ ነጭ ነው። ተለኩሶ የማያውቅ ሻማ፣ ያውም መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ፣ ቤት አቃጠለ?»

«እንግዲያው... ማሞቂያውን ነዋ ረስታ የተኛችው!»

ሳሎን ውስጥ እማማ ብርድ ልብስ ተከናንበው ተቀምጠዋል። አንድ እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ከፋሻው ጫፍ በቀይ ቀለም የተቀቡ ጥፍሮች ብቅ ብለዋል። በሩ አጠገብ ሻንጣ ቆሟል።

«እማማ፣ ሻንጣው የማን ነው?»

«የእኔ ነው አሉኝ።»

«ከሰዓት በኋላ መጦሪያ ትገባለች» አለ ትልቁ ልጅ። «ለራሷ ደህንነት ነው።»

ስለ ሰው ደህንነት እንዲህ የሚጨነቅ ሰው፣ የዚያን ሰው ሻንጣ ሲያዘጋጅ አይደክመውም።

«ትናንት ምን ሆነ፣ እማማ?»

«ምሳ በልቼ ጋደም አልኩ። ማሞቂያው ጠፍቶ፣ ከግድግዳውም ተነቅሎ ነበር። እሱን ለኩሼ ተኝቼ አላውቅም። ከዚያ ጭስ አፈነኝ። ጭስ ወደ ላይ ነው የሚሄደው፣ ሰው ወደ ታች፤ በደረቴ ተስቤ ወጣሁ። በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት፣ እጄን የላጠኝ እጀታው ነው። እሳት አየር ካጣ ይታፈናል። ከዚያ ተጣራሁ። ማን ይስማኝ? ጓሮ ካለው ክፍል ‹ክቡራትና ክቡራን!› ይላል። ጎረቤት ደርሶ አጠፋው።»

«ትቀባጥራለች» አለ ልጅየው።

«አንተ እሳት ብታይ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?» አለችው ሳጅኗ።

«እ... እደውላለሁ።»

«ለማን?»

ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ማገላበጥ ጀመረ።

«አየህ? እሳቸው በጭስ መሃል በሩን መዝጋት አልረሱም። አንተ እዚህ ደልቶህ ቆመህ ስልክ ቁጥር ጠፋህ። ማን ነው የጃጀው?»

ሳጅኗ ወደ መኝታ ቤቱ ተመለሰችና ማሞቂያው ፊት ቁጢጥ አለች። ከሥፍራው አልተነሳም። ጀርባው ለአልጋው ነው፤ ፊቱ ለግድግዳው። ፊት ለፊቱ የከሰለ ወንበር ተጋድሟል። ብርድ የሚያንቀጠቅጣቸው አሮጊት ማሞቂያ ለኩሰው ለወንበር ይጋብዛሉ?

በእስክሪብቶዋ የማሞቂያውን ወንፊት ጫር ጫር ስታደርገው አንድ ነገር ተነቅሎ እጇ ላይ ወደቀ። የብረት ዚፕ ነው።

ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ ቀና አለች። የጭስ ደወሉ ኮርኒሱ ላይ አፉን ከፍቶ ተንጠልጥሏል። ሆዱ ባዶ ነው።

«ይሄ ባትሪ የለውም እንዴ፣ እማማ?»

«እንዴት አይኖረውም! ብርድ ሊገባ ሲል ሁሌም አዲስ እከታለሁ። ከአሮጌው እንዳይምታታብኝ በጥፍር ቀለሜ ነጥብ አደርግበታለሁ።»

«ትረሳለች ብያችሁ—» ብሎ ጀመረ ትልቁ ልጅ። ሳጅኗ አየችው። ተወው።

ይህን ጊዜ አማችየው ከጓሮ ገባ። «ሽክ» ነው ቅጽል ስሙ፤ በየድግሱ ማይክ ይዞ ሕዝብ የሚያደነቁር መድረክ መሪ። ሚስቱን ተከትሎ አማቱ ቤት ገብቶ፣ እስካሁን አልወጣም። ላዩ ላይ ብርማ የሚያብረቀርቅ ኮት ለብሷል። ታቹ ግን ጉልበቱ የተወጣጠረ ቱታ ነው። ከወገብ በላይ ሙሽራ፣ ከወገብ በታች የሰፈር በረኛ!

«የኮትህ ሱሪ የታለ?»

«ሱሪ? እ... ላውንደሪ ነው።»

«የምን ላውንደሪ?» አለች ሚስቱ ከኩሽና ብቅ ብላ። «ትናንት ጠዋት እጄ እስኪደነዝዝ ያጠብኩልህ እኔ አይደለሁም? አልደርቅ አለ ብለህ ስትጨቀጭቀኝ አልነበር?»

ሽክ የኮቱን ጫፍ ወደ ታች ጎተተ።

ሳጅኗ ዚፑን አሳየችው። «ላውንደሪህ ይሄ ነው?»

«እኔ እኮ...»

«ማይክህን አምጣ።»

«የሥራ ዕቃዬ ነው!»

«እኔም ሥራ ላይ ነኝ።»

ተቀበለችውና ታቹን ፈታችው። አራት ማዕዘን ባትሪ መዳፏ ላይ ተንሸራተተ። ጎኑ ላይ ደማቅ ቀይ ነጥብ አለበት። ሁሉም ባትሪውን አዩ፣ ከዚያ የእማማን ጥፍር። ሚስቱ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«ለአፍታ ብዬ ነው!» አለ ሽክ፤ ያ የመድረክ ድምፁ እንደ ትንኝ ቀጥኗል። «ማሞቂያ ያለው እሳቸው ክፍል ብቻ ነው። ዛሬ ትልቅ መድረክ አለኝ። ተኝተው ስለነበር ቀስ ብዬ ሰካሁትና ሱሪውን ወንበሩ ላይ ዘረጋሁት። ድምፄን ልሞክር ወጣሁ... ማይኩ ባትሪ ጨርሶ ነበር...»

«ሲጣሩስ?»

«የሚያጨበጭቡልኝ መስሎ... ማለቴ፣ አልሰማሁም!»

«እሺ፣ ከእሳቱ በኋላስ? አፍህን ምን ያዘው?»

ሽክ መሬት መሬት አየ። «የሚስቴ ወንድም ‹እናቴ ናት ያቃጠለችው› ሲል... ልጃቸው ካለ ብዬ ዝም አልኩ። መጦሪያ ከገቡ ደግሞ ማንም አይጠይቅም።»

ለአንድ ሱሪ ብሎ አሮጊት ሊጠብስ ነበር። አልጠበስ ሲሉት ደግሞ ከገዛ ቤታቸው ሊያስወጣቸው። ትልቁ ልጅ ጉሮሮውን ጠራርጎ «እኔማ መጀመሪያውኑ ጠርጥሬ ነበር» አለ።

«ቅደም፣ ወደ ጣቢያ» አለች ሳጅኗ።

«በቱታ?»

«ዛሬ መድረክ የለህም፤ ማን ያይሃል?»

እማማ ሻንጣውን በእግራቸው ገፋ አደረጉት። «ልብሴን ወደ ቦታው መልሱልኝ። ባዶውን ለእሱ ስጡት፤ ሲፈታ የሚገባበትን ይፈልግ።»

ከዚያ ወደ ኮርኒሱ አመለከቱ። «ልጄ፣ ቁመት አለሽ። ያንን ነገር መልሺልኝ።»

ሳጅኗ ወንበር ላይ ወጥታ ባለ ቀይ ነጥቡን ባትሪ ከተተችና ቁልፉን ተጫነችው። ደወሉ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ለቀቀ። ትልቁ ልጅ ጆሮውን ደፈነ። ሽክ ደንግጦ በሩ ላይ ተደናቀፈ።

እማማ ብቻ ዓይናቸውን ጨፍነው እስኪያበቃ አዳመጡት።

«ከእሱ ድምፅ ይሻላል» አሉ።