አባቷ ይስተካከልበት የነበረው ፀጉር ቤት

«አባትሽ ከውጭ አልመጣም እንዴ?» አሉ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ሰውዬ፣ በመስታወቱ ውስጥ እያዩዋት።

ሚጡ የፀጉር ቤቱ በር ላይ ደርቃ ቀረች። የክፍል ጓደኛዋ አባት ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት ልጃቸውን በሚኒባሳቸው ትምህርት ቤት የሚያደርሱት ሹፌር። ነጭ ጨርቅ አንገታቸው ላይ ታስሮ፣ ግማሽ ፊታቸው በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ ስለነበር ስትገባ አላወቀቻቸውም።

«ገና ነው» አለች።

የስድስት ዓመት ወንድሟ ማሙሽ ቀና ብሎ አያት። እጁን ጠበቅ አደረገችው።

አባታቸው ውጭ አገር አልነበረም። ከሞተ ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል። ቤት ቀይረው ሚጡ አዲስ ትምህርት ቤት የገባች ቀን፣ አጠገቧ የተቀመጠችው ልጅ «አባትሽ ምን ይሠራል?» ብላ ጠየቀቻት። «ይሠራል» የሚለው ቃል ደስ አሰኛት። «ቧንቧ ሠራተኛ ነው። አሁን ግን ውጭ ነው ያለው» አለች። አንዴ ከአፏ ከወጣ በኋላ መመለሻው ጠፋ። ጓደኛዋ በጠየቀቻት ቁጥር አንድ ነገር ትፈጥራለች፦ እዚያ በረዶ እየጣለ ነው፣ አለቃው ፈቃድ ከለከለው፣ ስልኩ ተሰበረ። ያለቻት ጓደኛ እሷው ብቻ ናት። አብረው ሲስቁ ግን ጓደኛዋ የምትስቀው ከሌላ ልጅ ጋር ይመስላት ነበር። አባቷ ውጭ ካለው ከዚያች ልጅ ጋር።

የማሙሽን ፀጉር ድሮ ቤት ውስጥ የሚቆርጠው አባታቸው ነበር። ከእሱ ወዲህ እናታቸው ትሞክራለች፤ ባለፈው ሳምንት ግን ጭንቅላቱ አይጥ የበላው ምንጣፍ መሰለ፤ ስቃ ስቃ መጨረሻ ላይ አለቀሰች። «ቅዳሜ ፈረቃ አለብኝ፤ አንቺ ፀጉር ቤት ውሰጂው» አለቻት። ሰፈራቸው ውስጥ ፀጉር ቤት አለ። ሚጡ ግን ሁለት ፌርማታ በእግር ሄዳ አባቷ ይስተካከልበት ወደነበረው ቤት አመጣችው። ለምን እንደሆነ ለራሷም አልነገረችም።

አግዳሚው ላይ የነበሩት ሁለት ወንዶች የኳስ ወሬያቸውን አቋርጠው ጠጋ ጠጋ አሉላቸው። ቤቱ ውስጥ ያለችው ሴት እሷ ብቻ ናት። ጉልበቷን ገጥማ፣ ወንድሟን አስጠግታ ተቀመጠች።

ፀጉር አስተካካዩ አርባ ያልሞላው፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ምላጩን ከሹፌሩ መንጋጋ ሥር እንዳሳረፈ ድንገት አቆመ። ቦታውን በጣቱ ደባበሰው።

«ጋሼ፣ ይቺ እብጠት መቼ ነው የወጣችው?»

«የቷ? እሷማ ቆየች። ጥርሴ ይሆናል።»

«ምን ያህል ቆየች?»

«እንጃ፣ ሁለት ወር ቢሆናት ነው። አንተ ልጅ፣ ሐኪም መሆን ጀመርክ?»

አግዳሚው ላይ ያሉት ሳቁ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አስቀመጠ።

«ሐኪም አይደለሁም። ምን እንደሆነችም አላውቅም፤ ምንም ላትሆን ትችላለች። ግን ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ እብጠት መታየት አለበት። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ወንድ ደግሞ ምንም ባያመውም ስለ ካንሰር ምርመራ ሐኪም ማማከር አለበት። ጤና ጣቢያው እኛን ፀጉር አስተካካዮችን ሰብስቦ ያስተማረን ይሄንን ነው። ወንድ ሐኪም ቤት መሄድ አይወድም፤ እኛ ጋ ግን ይመጣል።»

«ይልቅ ጺሜን ጨርስልኝ።»

«እጨርሳለሁ። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልንገርዎት።» ፎጣውን አነሳና በእጁ ያዘው። «አንድ ደንበኛ ነበረኝ። ቧንቧ ሠራተኛ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ከሥራ መልስ ይመጣና እዚሁ ወንበር ላይ ይቀመጣል። አንድ ቀን ስላጨው፣ ልክ እዚህች ቦታ ላይ፣ ሽምብራ የምታህል ነገር ጣቴ ሥር ገባች። ዝም አልኩ። በሰው ገላ ምን አገባኝ፣ አስደንግጬ ላባርረው ነው ብዬ። በወሩ አደገች። አሁንም ዝም። በአምስተኛው ወር እሱ ራሱ ሐኪም ቤት ሄደ። ካንሰር ነበር። ያኔ ግን ረፍዶ ነበር።»

ቧንቧ ሠራተኛ ብዙ ነው፣ አለች ሚጡ በሆዷ።

«ወሬው ሁሉ ስለ ልጆቹ ነበር። ስለ ሚጡዬ። ‹እኔ ሜትር ይዤ የምሳሳተውን እሷ በቃሏ ታሰላዋለች› ይል ነበር። እንዲህ ሲል ፊቱ ሁሉ ይበራል።»

አባቷ ለእሷ እንዲህ ብሏት አያውቅም። ፈተና መቶ ከመቶ ስታመጣ ወረቀቱን አይቶ «ጥሩ» ይላታል። «ጥሩ» ብቻ። ለእሷ ያልነገራትን እዚህ ተቀምጦ ለዚህ ሰው ሲናገር ኖሯል።

ከዚያ ንዴቱ መጣ። ይሄ ሰው ያውቅ ነበር። አምስት ወር ሙሉ እያወቀ ዝም አለ። የማሙሽን እጅ ይዛ ልትወጣ ተነሳች።

«ነፍሱን ይማረው» አሉ ሹፌሩ። «እኔን ግን አያመኝም። ቢያመኝ እሄድ ነበር። ወንድ ልጅ ለትንሽ ለትልቁ ሐኪም ቤት አይሮጥም።»

«ልክ ነው» አለ አንዱ ከአግዳሚው።

ሚጡ በሩ ጋ ቆመች። ዝም ብላ ብትወጣ ማንም አያውቅም። ሰኞ ከጓደኛዋ ጎን ትቀመጣለች፤ በረዶውም መጣሉን ይቀጥላል። ብትናገር ግን ሹፌሩ ቤታቸው ገብተው ያወራሉ፤ ሰኞ ክፍሉ ሁሉ ይሰማል። በሞተ አባቷ የዋሸች ልጅ ትባላለች። በመስታወቱ ውስጥ የሹፌሩን አንገት አየች። ጓደኛዋ ጠዋት ከሚኒባሱ ከመውረዷ በፊት የምትጠመጠመው እሱ ላይ ነው።

«እሱንም አያመውም ነበር» አለች።

ሁሉም ዞሩ።

«አባቴን ማለቴ ነው። ቧንቧ ሠራተኛውን።» ድምጿ የሌላ ሰው መሰላት። «‹አያመኝም› ይለን ነበር። እውነቱን ነው። ስለማያመው ነው የቆየው። ውጭ አገር አይደለም ያለው ጋሼ፤ ዋሽቼ ነው። ሞቷል።»

ማሙሽ ይህን ቃል ከእሷ አፍ ሰምቶት አያውቅም። ቀሚሷን ጨምድዶ ያዘ።

ፀጉር አስተካካዩ ፎጣውን እንደያዘ ቀረ። «ሚጡዬ ነሽ?»

ራሷን ነቀነቀች።

«ይቅር በይኝ» አለ፣ በሰው ሁሉ ፊት።

የማሙሽን እጅ ከቀሚሷ አላቅቃ ያዘችው።

ሹፌሩ ጣታቸውን መንጋጋቸው ሥር ሰደው እብጠቷን ደባበሱ። «ጤና ጣቢያው ስንት ሰዓት ነው የሚከፍተው?» አሉ።

«ሁለት ሰዓት። ሰኞ አብሬዎት እሄዳለሁ።»

«ሕፃን ነኝ እንዴ?» አሉ። ከዚያ ደግሞ «እሺ፣ ና» አሉ።

ጺማቸው አልቆ ሲወጡ ሚጡ አጠገብ ቆም አሉ። «ስለ አባትሽ ለልጄ ምንም አልነግራትም። ያ የአንቺ ነገር ነው። ስለዚች እብጠት ደግሞ የምነግራት እኔ ነኝ። እሺ?»

«እሺ።»

ወንበሩ ባዶ ሆነ። ፀጉር አስተካካዩ ማሙሽን አልጠራውም፤ ጨርቁን አራግፎ ጠበቀ። ንዴቷ አሁንም አልበረደም። ሰውዬው ግን ዛሬ ዝም አላለም፤ ይህንንም በዓይኗ አይታለች። ማሙሽን አንስታ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው።

«ከጆሮው በላይ በጣም እንዳያጥር» አለች።

ቆርጦ ሲጨርስ «ስለ አባትሽ ብዙ የማወራሽ ነገር አለኝ። ስትፈልጊ ነይ» አላት።

«ዛሬ አልችልም» አለች።

ውጭ ማሙሽ አዲስ የተላጨ አንገቱን እየደባበሰ «አሁን ወደ ቤት ነው?» አለ።

መታጠፊያው ላይ ቆመች። ሹፌሩ አይናገሩም። ሰኞ እንደ ወትሮው መቀመጥ ትችላለች፤ የሚያስገድዳት የለም። የሆነ ሰው ቢያስገድዳት የሚሻላት መሰላት።

የእናቷን አሮጌ ስልክ አውጥታ ለጓደኛዋ «ቤት ነሽ?» ብላ ጻፈች።

መልሱ ወዲያው መጣ። «አዎ። ምነው?»

ጣቷ ብዙ ጊዜ ጻፈ፣ ብዙ ጊዜ አጠፋ። በመጨረሻ «ስለ አባቴ ነው። እየመጣሁ ነው» የሚለውን ላከችና የማሙሽን እጅ ይዛ ወደ ጓደኛዋ ሰፈር ታጠፈች።