የዝዋይ ደመና መርካቶ ላይ

ጂኒ፣ ዛር፣ ምናምን ሲሉኝ ከሚስቁት ነኝ እኔ፣ ኤሌክትሪክ የሚጠግን ሰው ሽቦውን ይከተላል እንጂ መንፈስ አይፈልግም፣ ይሄን ግን በገዛ ዓይኔ ነው ያየሁት፣ ባታምኑኝም አልፈርድባችሁም።

መብራት በፈረቃ በነበረበት ጊዜ ነው፣ መርካቶ ራጉኤል ጀርባ ፎቅ ላይ ጠባብ ክፍል ተከራይቼ ኢንቨርተር፣ ያ የባትሪን ኃይል ለዕቃ የሚለውጠውን፣ እጠግን ነበር፣ አንድ ቀን ጋሽ ቱፋ የሚባሉ ሽማግሌ የጀልባቸውን ኢንቨርተር በጆንያ ጠቅልለው ከዝዋይ መጡ። ጀልባዋ ሐይቁ ላይ ሰው ታመላልሳለች፣ ጣሪያዋ ላይ ሶላር አለ፣ ወደ ውስጥ የሚገባውን ውሃ እየመጠጠ የሚያወጣው ፓምፕ የሚሠራው በእሱ ነው።

«ልጄ፣ ደመና ባለፈ ቁጥር ፓምፑ ሄድ ቆም እያለ ይንተፋተፋል፣ ቀይ መብራት ይበራል» አሉኝ።

ከፍቼ አየሁት። ፀሐይ ስትደክም ባትሪው ቀስ ብሎ እንዲተካት፣ ስትመለስም ኃይሉ እንዳይዘል የሚያመዛዝነው ካርድ ተቃጥሏል። ካርዱ እጄ ላይ የለም፣ መርካቶን ዞሮ ማፈላለጉ ደግሞ ሰለቸኝ፣ እና፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ብልሽቱን ሳልነካ ቀዩ መብራት እንዳይበራ ብቻ በአንዲት ሽቦ አገናኘሁና «አልቋል ጋሼ፣ ይውሰዱት» አልኳቸው። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ።

በሳምንቱ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ያለው አምፖል ቀስ ብሎ ደከመ፣ ቀስ ብሎም ተመለሰ። መስመሩ ነው ብዬ ከጎኔ ያለውን ባለሱቅ ከድርን ጠራሁት።

«ያንተም ይዋዥቃል?»

«ኧረ የኔ ምንም አልሆነም!»

አምፖሉን ቀየርኩ፣ ከመስመሩ ነቅዬ በሙሉ ባትሪ አበራሁት፣ እመኑኝ፣ ያው ነው፣ ልክ ደመና በላዩ እንደሚያልፍ ይደክማል፣ ይመለሳል። የጋሽ ቱፋ ደመና ትዝ አለኝ፣ ደወልኩላቸው።

«ሰው ጭነን ሐይቁ መሐል ነን!» አሉ፣ የሞተር ድምፅ ይሰማል።

«ፓምፑስ ጋሼ?»

«አንዴም አልተንተፋተፈ! ይኸው አሁንም ደመና መጣ» ሲሉ አምፖሌ ደከመ። «ይኸው አለፈ» ሲሉ በራ።

ልናዘዝ አፌን ስከፍት «እጅህ ይባረክ» አሉኝ፣ መልሼ ዘጋሁት።

በማግስቱ ካርዱን ገዝቼ ዝዋይ ወረድኩ፣ ያደረግሁትን አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። አልተቆጡም፣ እንዲያውም ሳቁብኝ። ኢንቨርተሩን ስከፍተው ሽቦዬ እንዳለች ናት፣ ካርዱም እንደተቃጠለ ነው፣ ፓምፑ ግን ደመና ሥር ሳይንተፋተፍ ይሠራል፣ ድካሙን የኔ አምፖል የወሰደለት ይመስል። ልቀይረው ስል እጄን ያዙኝ።

«ተው ልጄ፣ የሚሠራ ነገር አይነካም!»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ብዙም አልታገልኳቸውም፣ ብነካው የሚቆም መስሎኝ ፈራሁ። ካርዱን በኪሴ ይዤ ተመለስኩ።

ክረምቱን ሙሉ አምፖሉ ሲደክም ሲበራ ከረመ፣ እኔም ከሥሩ አንገቴን ደፍቼ ስሠራ። አንድ ጠዋት፣ ሰማዩ ዳምኖ ሳለ፣ መዋዠቁ ድንገት ቀረ።

«ተገላገልክ!» አለኝ ከድር።

ጀልባዋን ሸጠዋት ይሆን? ኢንቨርተሩን ሌላ ሰው ሠርቶላቸው ይሆን? ወይስ የኔን ጥፋት ሲሸከም የከረመው ነገር፣ ምን እንደሆነ እንጃ፣ ሰው ጭነው ውሃ መሐል ሳሉ ደክሞት ለቀቀው? ስልኩን ስንት ጊዜ አነሳሁ መሰላችሁ፣ የጋሽ ቱፋን ቁጥር ግን እስከ መጨረሻዋ አኃዝ ነክቼ አላውቅም።