የሳጥኑ ክዳን

ቀልቃሊት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። የምትኖረው ከልብስ ሰፊዋ አክስቷ ጋር፣ ከስፌት ቤቱ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ይህ ስም የወጣላት አንድ ቦታ አርፋ ስለማትቀመጥ ነው። ልጆች፣ አትሳቁ፣ እዚህም ብጤዎቿ አሉ።

አክስቷ ከአሮጌ የፎም ሳጥን፣ ከአምፖልና ከውሃ ሳህን የእንቁላል መፈልፈያ ሠራች። ክዳኑ ላይም ትንሽ መስታወት ገጠመችለት። ጎረቤቶች ሳጥን ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው እንቁላል የሚታቀፈው ብለው ሳቁባት። እሷ ግን ሳጥኑ ውስጥ የደረደረቻቸውን እንቁላሎች እያገላበጠች፣ ሙቀቱን እየተከታተለች ጠበቀች። የመፈልፈያው ጊዜ ሲደርስ ቀልቃሊትን ጠርታ አስጠነቀቀቻት።

"ከእንግዲህ ክዳኑ አይነካም። እርጥበቱ ከወጣ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ስስ ሽፋን ደርቆ ጫጩቷን ይይዛታል።"

ቀልቃሊት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከሳጥኑ ውስጥ ድምፅ ሰማች። በመስታወቱ አየች። አንዱ እንቁላል ተሰንጥቆ ትንሽዬ ምንቃር ብቅ ብላለች። ልጆች፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ነጭና አስኳል ብቻ የነበረው ነገር አሁን ይጮሃል። ቀልቃሊት አፏን ከፍታ ቀረች።

ጫጩቷ ግን አንዴ ትመታና ብዙ ታርፋለች። ቀልቃሊት መጠበቅ አልሆነላትም። ልርዳት ብላ ክዳኑን ከፈተችና ቅርፊቱን ትልጥ ጀመር። ወዲያው የደም ጠብታ አየች። ደንግጣ መልሳ ከደነችው። የጫጩቷም ድምፅ ጠፋ።

ማንም አላያትም። ዝም ብትል አክስቷ አታውቅባትም። ጫጩቷ ግን እዚያው ደርቃ ትሞታለች። እያለቀሰች ወደ ስፌት ቤቱ ሮጠች።

"እትዬ፣ ክዳኑን ከፍቼ ጎዳኋት።"

አክስቷ የያዘችውን ጨርቅ ጥላ ወደ ሳጥኑ ሄደች። የደረቀውን ሽፋን በለብ ያለ ውሃ ቀስ አድርጋ አራሰችው። ሳህኑንም ሞልታ ክዳኑን ገጠመችው።

"መክፈትሽ ጥፋት ነው፤ ቶሎ መናገርሽ ግን ደግ ነው። አሁን እጃችንን እንሰብስብ። የቀረውን የፈጠራት ያውቃል" አለቻት።

ቀልቃሊት እጆቿን ጭኖቿ ሥር ሸጉጣ ተቀመጠች። በሕይወቷ እንዲያ አርፋ ተቀምጣ አታውቅም። በልቧም ትጸልይ ነበር። ከብዙ ቆይታ በኋላ አንድ ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ጫጩቷ ቅርፊቱን ዙሪያውን ትሰብረው ጀመር። ብርሃን አይታ አታውቅም፤ መውጫዋን ግን ታውቃለች። ማን አስተማራት? በመጨረሻ በእግሮቿ ገፍታው ወጣች፤ እርጥብ ናት፣ አንገቷ ይንገዳገዳል፣ ግን በሕይወት አለች።

ቀልቃሊት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "እትዬ፣ እግዚአብሔር እዚህ ክፍል ውስጥ ነበር እንዴ?" አለች።

"ነበር። ስትከፍቺውም፣ እየሮጥሽ ስትመጪም ነበር።"

ልጆቼ፣ ስናጠፋ ማንም ባያየን እግዚአብሔር ያየናልና፣ ጥፋታችንን ሳንደብቅ ቶሎ እንናገር።