ገመዱን ያልሳበችው ሴት

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ፲፯፻፹፪ ዓመት በሐምሌ ወር፣ በጀርመኖች አገር በባቫርያ ምድር በኒደርሃርቲንግ መንደር አጃው ለአጨዳ ደርሶ ሳለ፣ የደወል ጠባቂው መበለት ዋልቡርጋ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር በዳኛ ፊት ቆመች፤ በአገሩ ልማድ ነጎድጓድ በደወል ድምፅ ይባረራል ይባል ነበርና ገበሬው ለዚሁ አገልግሎት በየመከሩ ለደወል ጠባቂው ነዶ ይሰጥ ነበር፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ መደወሉም ነዶውም ለእሷ ሆኖ ነበር፤ ባለፈው እሑድ ግን ሰማዩ ሲያጉረመርም ደወሉ ዝም አለ፤ የገበሬው የኮርቢንያን ጎተራም በመብረቅ ጋየ።

«ነዶዬን በልታ ጎተራዬን አስበላችኝ!» አለ ኮርቢንያን፤ «ከደወል ጠባቂው ቤት ትውጣልኝ!»

ከዚያ ቤት ከወጣች መጠጊያ አልነበራትም።

ጀርመኖች የነገርን መነሻ ሲናገሩ፣ ሰው አስቦ ከልቡ ላፈለቀው «አውስ» ይላሉ፤ ሳይፈልግ አካሉን ለያዘው ደግሞ «ፎር»፤ ዳኛ ኤርልሽቴተርም የሚለዩት ይህንኑ ነበር።

«ዋልቡርጋ፣ ያልደወልሽው በተንኮል ነው ወይስ ፍርሃት ይዞሽ?»

«ክቡርነትዎ፣ አምና ባሌን መብረቅ የገደለው እዚያው ገመድ ላይ ነው። ገመዱንስ ጨብጬው ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።»

«ሰበብ!» አለ ኮርቢንያን፤ «እኔ ብሆን ክንዴ እስኪገነጠል እደውል ነበር!»

ይህን ሲል ከኮረብታው ማዶ ሰማዩ አጉረመረመ። ዳኛውም ቀና ብለው አዩት።

«እንግዲያው ገመዱ ያውልህ።»

ኮርቢንያን ደረቱን ነፍቶ ወደ ደወሉ ማማ ገባ፤ ሕዝቡም ከደጅ ቆሞ ተመለከተው። ወይ ኮርቢንያን! መብረቁ ብልጭ ቢል ገመዱን ለቆ፣ ባርኔጣውን ጥሎ፣ ከአጥሩ ሥር ተወተፈ። ደወሉ አንዴም አልጮኸ።

«ምነው ኮርቢንያን፣ በተንኮል ነው?» ብላ አንዲት ባልቴት ብትጠይቀው ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ።

«ኧረ ይዞኝ ነው!» አለ፤ ወደ ዋልቡርጋም አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ «እሷንም ይዟት ነው፣ ክቡርነትዎ። ይተዋት።»

ዳኛውም «ፎር» ብለው ፈረዱ፤ ቤቱም ጸናላት። ዋልቡርጋ «እፎይ፣ አምላኬ!» ብላ መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ ዝናቡ እየወረደባት ሳቀችም አለቀሰችም።

ኋላ በነጎድጓድ ጊዜ መደወልን የሚከለክል አዋጅ ወጣ፤ ታሪክም አዋጁንና አዋጁን ያወጡትን መኳንንት አስታወሰ፤ መበለቲቱን ግን ዘነጋት። ፍርዱ በተሰጠበት ዓመት መከር ኮርቢንያን ትልቁን ነዶ ተሸክሞ በደጇ አኑሮ ሄደ፤ ከምን ተነሥቶ እንዳደረገው የጠየቀው ሰው የለም።