ማን ነገረሽ?

«ቲቸር ናቸው የነገሩኝ በይና ተገላገይ!» አለቻት የክፍል ጓደኛዋ የሺመቤት፣ የአውሮፕላኑን ሜዳ እያቋረጡ።

ውባንቺ ቀበሌ ተጠርታለች።

ጣጣው የመጣው ከታሪክ ክፍለ ጊዜ ነው። መምህር ወርቅነህ፣ እኚያ ሱሪያቸው ከቁርጭምጭሚታቸው ሽቅብ የሸሸው (ስለዚያ ሱሪ ያላማ የጂንካ ሰው የለም)፣ «ታሪክ የንጉሥ ብቻ አይደለም። ቤታችሁ ያሉትን ሽማግሌ ጠይቁና ለክፍሉ ንገሩ» አሉ። ሌላው ልጅ ከመጽሐፍ ሸምድዶ መጣ። ውባንቺ ግን የዋህ ናት፣ የምሯን አያቷን ጠየቀች። እሷም እንደ መምህሩ ታሪክ ማስተማር ነበር ሐሳቧ።

አባባ ኤርጎን እስከዚያ ቀን ማን ጠይቋቸው! ገባር ሆነው ለጌታው ማር የተሸከሙበትን ዘመን ዘረገፉት። ማር የጎደለበትን ሰው በአለንጋ የሚገርፈው የጌታው አሽከር ማን እንደነበረም ነገሯት። ደበሌ! የዛሬው የቀበሌ ሊቀመንበር፣ በየስብሰባው «ፊውዳሊዝም ይውደም!» እያለ የአንገቱ ሥር የሚገታተረው ደበሌ። የየሺመቤት አባት።

ውባንቺም ክፍል ውስጥ ቆማ ስሙን ሳታስቀር ተናገረች። መምህሩ ጠመኔያቸውን አስቀምጠው «ተቀመጪ፣ የኔ ልጅ» ብቻ አሉ። በማግስቱ ታሪክ የሚያስተምር አልገባም።

«ላባትሽ አንቺ ነሽ የነገርሽው?» አለቻት ውባንቺ፣ ሜዳውን ሊጨርሱ ሲሉ።

«በናትሽ! ቤት ሳልደርስ ወሬው ደርሶ ጠበቀኝ። ጂንካ እኮ ነው!» የሺመቤት እንባዋ መጣ። «ስሚኝ፣ አያትሽ እስር ቤት አይችሉም። ቲቸር ጎልማሳ ናቸው፣ ይችሉታል።»

ጠዋት ውባንቺ ከቤት ስትወጣ አባባ ኤርጎ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ከሰው ርቀው ስለሚውሉ የሰሙት ነገር የለም።

«መምህሩ ወደደው?» አሏት።

«ወደደው፣ አባባ።»

«ያስቀረሁት አለ። ማታ እጨምርልሻለሁ» አሉና እንደ ልጅ ሳቁ።

ቀበሌው በር ላይ የሺመቤት ቀረች። እስረኞቹ ካሉበት ክፍል ደጅ የመምህር ወርቅነህ ጫማ ተቀምጧል፤ ማሰሪያ የለውም። እስረኛ ሲገባ መጀመሪያ የሚወስዱበት ማሰሪያውን ነው።

ደበሌ ጠረጴዛውን በጣቱ ይመታል። «ማን ነገረሽ? መምህሩ ነው? ወይስ ያ ሽማግሌ?»

ውባንቺ ጠረጴዛውን የሚመታውን ጣት ታያለች።

«እሺ፣ ልጅ ነሽ። ‹ውሸት ነው፣ ከራሴ ነው የፈጠርኩት› በይ። ሰኞ ለክፍሉም ትደግሚዋለሽ። ከዚያ ማንንም አልነካም።»

ውባንቺ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ሜዳው ላይ ላሞች ይግጣሉ። አያቷ አሁንም እቤት ደጃፍ ላይ ይሆናሉ፣ ማታ የሚጨምሩላትን እያስታወሱ።

ጎንበስ አለች። የሸራ ጫማዋን ማሰሪያ መፍታት ጀመረች።