ሰማያዊው ድንጋይ

ቀጮ ምንጩ ጋ ስትደርስ ውሃ የለም። ጎንበስ ብላ በጣቷ ጫረችው፤ ጠጠርና የደረቀ ሣር ብቻ ነው። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ብላ በቆርቆሮ መጠለያው ጀርባ ዞረች፤ ከቋጥኙ ሥርም ፈለገች። ሌላ ምንጭ የለም። ኮዳዋን ከፍታ አየችው፤ አንድ ጉንጭ ቀርቷታል። ፀሐይዋ ደግሞ ልትጠልቅ ነው።

«ውሃ ተሸክመሽ አትሙቺ» ብላት ነበር ፌንጣ። «ምንጩ ከመጠለያው ፊት ለፊት ኩልል ይላል። መንገዱም ሰፊ ነው። አቦ፣ አታካብጂ!»

ፌንጣ የልብ ጓደኛዋ ናት። ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለች ስላደገች ስሙን ያወጡላት አባቷ ናቸው። በዚህ ተራራ ላይ መንገደኞችን የሚመሩ ሰው ነበሩ። አምና የጠፉ ሰዎችን ሊፈልጉ በጨለማ ወጥተው ከላይኛው አፋፍ ወደቁ። ከዚያ ወዲህ በትምህርት ቤቱ የተራራ ክበብ ውስጥ ፌንጣን የሚያህል የለም፤ «የአባቷ ልጅ» ይሏታል። በክበቡ ደንብ ትንንሾቹን እየመራ መውጣት የሚፈልግ ሁሉ አስቀድሞ አንድ ሌሊት ብቻውን እዚህ ያድራል። ከወንዝ ያነሳውን ድንጋይም በመረጠው ቀለም ቀብቶ፣ ተሸክሞ አምጥቶ ደጃፉ ላይ ያኖራል። ፌንጣ ባለፈው ሳምንት አድራ ወረደች ተብሎ ተጨብጭቦላታል። የፊታችን ቅዳሜ ትንንሾቹን ይዛ ልትወጣ ነው። ከእነሱ አንዱ የቀጮ ታናሽ ወንድም ነው።

ቀጮ የራሷን ቢጫ ድንጋይ ስታስቀምጥ ሌሎቹን አየቻቸው። ቀይ አለ፤ አረንጓዴ አለ፤ ዝናብ ያደበዘዘው ነጭም አለ። ሰማያዊ የለም። አንድ በአንድ እያነሳች ፈለገች። የፌንጣን ድንጋይ ሰማያዊ ሲቀቡ ብሩሹን የያዘችው እሷ ራሷ ነበረች።

«አልመጣሽም» አለች ድምፅ አውጥታ። «ጭራሽ እዚህ አልደረስሽም።»

ንዴቱ ከጥሙ በላይ አቃጠላት። ሰፊ ነው የተባለውን መንገድ አስታወሰች። አፋፉ ላይ ግማሹ ተንዷል፤ ያለፈችው ፊቷን ወደ ድንጋዩ አዙራ፣ ሥር ጨብጣ፣ በጎኗ እየሄደች ነው። ወንድሟ ደግሞ ደረጃ ሲወርድ እንኳን የሚያደናቅፈው ልጅ ነው።

ሲጨልም ባትሪዋን ይዛ ከመጠለያው ፊት ቆመች። የክበቡ አሠልጣኝ ከሸለቆው ሆነው ይጠብቃሉ። ሦስት ጊዜ ማብራት ደህና ነኝ ማለት ነው፤ ሳያቋርጡ ማብለጭለጭ ደግሞ ድረሱልኝ። ጉሮሮዋ ኩበት መስሏል፤ ድረሱልኝ ማለት ነው ያማራት። ግን ታውቃቸዋለች፤ መብራቱን እንዳዩ ይነሳሉ። በጨለማ፣ በዚያው አፋፍ፣ ልክ እንደ ፌንጣ አባት።

ሦስት ጊዜ አበራች። ከታች ሦስት ጊዜ ተመለሰላት። ፌንጣም እንዲሁ ነበር ያደረገችው ማለት ነው። ከሸለቆ ለሚያይ ሰው መብራት መብራት ነው፤ ከየትኛው ከፍታ እንደበራ አይለይም።

ሌሊቱ ስቃይ ነበር። የቀረቻትን አንድ ጉንጭ ውሃ ለጠዋት ላስቀምጥ ብላ ሳትችል ቀረችና ጠጣችው። ነፋሱ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አደረ። እናቷን አሰበች፣ ትንሽ አለቀሰች፣ ከዚያ እንባውም ውሃ ነው ብላ ተወችው። ጎህ ሲቀድ ከቆርቆሮው ላይ ጤዛውን ላሰች። የዝገት ጣዕም ነበረው።

ስትወርድ አፋፉን እንደገና በጎኗ ተሻገረች። የረገጠችው ድንጋይ ከሥሯ ከድቷት ተንከባለለ፤ ሲያርፍ ለመስማት ብዙ ጠበቀች። ተሻግራ ጥቂት እንደወረደች ከአንድ ቁጥቋጦ ሥር ሰማያዊ ነገር አየች። ድንጋዩ ነው። አጠገቡ ሰው የተቀመጠበት ሣር ተኝቷል። ቦታው የፌንጣ አባት ከወደቁበት ገደል ፊት ለፊት ነው። ፌንጣ ሌሊቱን ሙሉ እዚህ ቁጭ ብላ ገደሉን ስታይ አድራለች። ቀጮ አዘነችላት፤ ድንጋዩን አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ንዴቷ ግን አልለቀቃትም።

ግርጌው ላይ ፌንጣ ከሁሉ ቀድማ ውሃ ይዛ መጣች። «ቀጮዬ! ከንፈርሽ ምን ሆኗል?»

ቀጮ እስኪያልቅ ጠጣች። ከዚያ «ምንጩ ደረቅ ነው» አለችና ድንጋዩን ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየቻት።

የፌንጣ ፊት አመድ መሰለ። «እግሬ እምቢ አለኝ» አለች ቀስ ብላ። «ውሃው እንዳለ አባዬ ድሮ ነው የነገረኝ። እንዳትናገሪ፣ በናትሽ። እማዬ የምትጽናናው እኔን ጠንካራ እያየች ነው።»

«ቅዳሜስ?»

«ልጆቹ አብረውኝ ካሉ አልፈራም።»

«ወንድሜን ይዘሽ ነው የምትሞክሪው?»

የአሠልጣኙን ኮቴ ስትሰማ ቀጮ ድንጋዩን ሹራቧ ውስጥ ደበቀችው። ለምን እንደደበቀችው ራሷም አላወቀችም።

«እህ፣ እንዴት አደርሽ? ምንጩስ እንዴት ነው?» አሉ አሠልጣኙ።

«ደርቋል አለችኝ፣ ጋሼ» አለች ፌንጣ ቀድማ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ። «ባለፈው ሳምንት ሞልቶ ነበር እኮ! ግድ የለም፣ ቅዳሜ ውሃ ይዘን እንወጣለን።» እጇ የቀጮን እጅጌ ጭብጥ አድርጎ ይዟል።

ቀጮ ራሷን በአዎንታ ብትነቀንቅ ነገሩ ያልቃል። ስትወርድ ለመስማት የጠበቀችው የድንጋይ ድምፅ ትዝ አላት።

«ጋሼ፣ ምንጩ ከደረቀ ቆይቷል» አለች። «አፋፉም ተንዷል። ይሄንን ያገኘሁት ደግሞ ከአፋፉ በታች ነው።» ድንጋዩን መዳፋቸው ላይ አኖረችው።

ፌንጣ እጅጌዋን ለቀቀችው። ዞራ ወደ ሸለቆው ቁልቁል ሄደች። አልዘለለችም። እያንዳንዱን ድንጋይ በእግሯ እየሞከረች፣ እንደ አሮጊት ቀስ ብላ ወረደች።

አሠልጣኙ ድንጋዩን አገላብጠው አዩት። ከዚያ «እኔ ልያዘው?» አሉ።

«አይ ጋሼ፣ እኔ ጋ ይሁን» አለች ቀጮ። «ምናልባት አንድ ቀን ትጠይቀኝ ይሆናል።»

ከባዶው ኮዳ ሥር ከተተችውና ቦርሳዋን አዝላ ከኋላዋ ተከተለቻት።